ነገ ጠዋት የቪኤ (የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት) ምርመራ አለብኝ (የእጅ አንጓና እግር)፤ ቶሎ መልሱልኝ

ኮርፖራሉ፦ ወገኖች፣ የሲ ኤንድ ፒ ምርመራዬ (ለአካል ጉዳት ካሳ ፐርሰንት የሚደረገው) ነገ ጠዋት ነው። ለአንጓዬና ለሁለቱም ጠፍጣፋ እግሮቼ። የአንጓ ማሰሪያዬ ዛሬ ተበጠሰ፤ ሌላ ልግዛ ወይስ እንዲሁ ልሂድ? ማስታገሻውንስ ልተወው? ለአንጓው ቢያንስ 30 ፐርሰንት ነው የምጠብቀው።

ጋሽ ሰርጀንት፦ ወንድሜ፣ ቀኝ ነህ ግራኝ? ምኑን እንደተጎዳህም አልነገርከን። አንጓ 30 የሚያስገኘው መገጣጠሚያው ድርቅ ብሎ ሲቀር ነው። ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ወደ ላይ ታጥፎ ከደረቀ፣ ለምትሠራበት እጅ 30፣ ለሌላው 20። የሚንቀሳቀስ ከሆነ በቪኤ የጉዳት መመዘኛ ኮድ 5215 ጣሪያው 10 ነው። ሐሳብህን እግርህ ላይ አድርግ።

ቡና በጨው፦ መርማሪው «እንዴት ነህ?» ሲልህ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና» እንዳትል። ደህና ነው ብሎ ይጽፍልሃል 😂

ሰብለ፦ የቆየ ጫማህንና ኢንሶልህን (ጫማ ውስጥ የሚገባውን ድጋፍ) ይዘህ ሂድ። ሶሉ በውስጥ በኩል ማለቁና እግርህ ላይ ያለው መጅ ይናገራሉ። ጠፍጣፋ እግር በሁለቱም በኩል ሲሆን መካከለኛው 10፣ ከባዱ 30፣ የባሰው 50 ነው። ለ50 ከሚታዩት አንዱ ኢንሶል ወይም ልዩ ጫማ አለማሻሻሉ ስለሆነ፣ ካልረዳህ በግልጽ ተናገር። ስትቀጠር በተመረመርክበት ወረቀት ላይ ጠፍጣፋ እግር ተብሎ ተጽፏል? ከተጻፈ ክርክሩ «በአገልግሎት መጣ» ሳይሆን «በአገልግሎት ባሰ» ነው።

ኮርፖራሉ፦ ወረቀቱን አላየሁትም። ቀኝ ነኝ፣ የተጎዳው ግራው ነው። ማስታገሻውስ?

ሰብለ፦ ሐኪም እንዳዘዘልህ ውሰድ። ስንት ሚሊግራም በስንት ሰዓት እንደወሰድክ ንገረው። የተበጠሰውንም ማሰሪያ ይዘህ ሂድ፣ አዲስ አያስፈልግም። አንጓህን በማዕዘን መለኪያ ሲለካ (ጤነኛው ወደ ላይ 70፣ ወደ ታች 80 ነው) ሕመሙ በጀመረበት ቦታ «እዚህ ላይ ያመኛል» በል። ጥርስህን ነክሰህ እስከ መጨረሻው አትግፋ። ዲግሪው ሙሉ ሊሆን ምንም ባይቀረው እንኳ ሕመም ያለበት እንቅስቃሴ 10 ሊያስገኝ ይችላል። ሲብስብህ በወር ስንቴ፣ ለስንት ሰዓት፣ ምን መያዝ እንደሚያቅትህ ዛሬ ማታ ጻፈው። ማጋነን ግን የለም፤ መርማሪው ጫማህን ስታስር ሁሉ ያይሃል።

ዘማች፦ ጫማህን አትርሳ።

ቡና በጨው፦ ተብሏል እኮ! ካልሲውም ይታጠብ።

ጋሽ ሰርጀንት፦ ፐርሰንቱን የሚወስነው መርማሪው አይደለም፣ እሱ ጋ አትከራከር። ውሳኔው ካልጣመህ ከደብዳቤው ቀን ጀምሮ 1 ዓመት አለህ። አዲስ ማስረጃ ካለህ ቅጽ 20-0995፣ ከሌለህና ስህተት ከታየህ 20-0996።

ዘማች፦ ኮርፖራሉ፣ እንዴት ሆነልህ?