ዳጉን የምታውቁ እርዱኝ፤ ግራ ገብቶኛል

ሰላም ለሁላችሁ። ለማስተርስ ማሟያ ጽሑፌ ዳጉ የሚባለውን የአፋሮች የወሬ መለዋወጫ ባህል መርጫለሁ። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ፤ የዝናቡን፣ የግጦሹን፣ የከብቱን፣ የሰላሙን። በዓይን የታየው ከተሰማው ተለይቶ ይነገራል። ወሬ ማጣመም ትልቅ ነውር ነው። ይሄ በጣም ይገርመኛል። እኔ ማወቅ የምፈልገው የመንግሥት መረጃ፣ ለምሳሌ የአዋሽ ጎርፍ ማስጠንቀቂያ ወይም የክትባት ቀን፣ በዳጉ ሲያልፍ ምን እንደሚሆን ነው።

የቸገረኝ ነገር ዳጉ በቀጠሮ አይደረግም። ስልኬን ለመቅጃ ይዤ አጠገባቸው ስቀመጥ ደግሞ ጨዋታው ይቀየራል። አስተርጓሚዬም ያሳጥርብኛል፤ አሥር ደቂቃ የተወራውን «ስለ ግጦሽ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ለእኔ ግን ዋናው ማን ከማን ሰማ የሚለው ነው። ሳይነግሩ መቅዳት አይታሰብም፤ እምነት ማጉደል ነው።

አፋር ክልል መስክ የሠራችሁ ወይም አፋርኛ የምትችሉ፣ ፈቃድ የጠየቃችሁት እንዴት ነው? መጀመሪያ የጎሳ መሪዎችን ነው? ወሬው ካለቀ በኋላ ሁለቱንም ለየብቻ ብጠይቃቸውስ ያስኬዳል? ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ሰመራ እመለሳለሁ። እባካችሁ ከዚያ በፊት አንድ ነገር በሉኝ።