ክርክር፦ የከሰረ ነጋዴ ከሽያጩ ላይ ግብር ሊጠየቅ ይገባል?

አወያይ፦ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. የጸደቀው የፌደራል ገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 በርካታ ለውጦች አምጥቷል። በቡድናችን ከሁሉ ይልቅ ያነጋገረው ግን አንድ ድንጋጌ ነው፤ አንድ የንግድ ድርጅት በትርፉ ላይ የሚደርስበት ግብር ከዓመታዊ ጠቅላላ ሽያጩ 2.5 በመቶ የሚያንስ ከሆነ ወይም ጭራሹን ኪሳራ ካሳወቀ፣ የሽያጩን 2.5 በመቶ እንዲከፍል ያስገድዳል። የዛሬው ጥያቄ ይህ ግዴታ ፍትሐዊ ነው ወይ የሚል ነው። ተሳታፊዎች አስተያየታችሁን በምክንያት አስደግፋችሁ እንድታቀርቡ እጠይቃለሁ።

የምግብ ሸቀጥ ጅምላ ነጋዴ፦ ተቃውሞዬን በቁጥር ላስረዳ። በዓመት የ40 ሚሊዮን ብር ዘይትና ዱቄት የሚያከፋፍል አንድ የግል ማኅበር፣ ወጪው ሁሉ ተቀናንሶ ከመቶ ብር ሽያጭ ሦስት ብር ቢተርፈው፣ የዓመቱ ትርፍ 1.2 ሚሊዮን ብር ይሆናል። በ30 በመቶ ምጣኔ ግብሩ 360,000 ብር ነበር። አሁን ግን 1 ሚሊዮን ብር ይከፍልና ለባለድርሻዎቹ 200,000 ብር ይተርፋቸዋል። ከመቶ ብር ሁለት ብር ብቻ ካተረፈማ 800,000 ብር አግኝቶ 1 ሚሊዮን ሊከፍል ነው፤ ጎዶሎውን ከካፒታሉ ይሞላል ማለት ነው። ስሙ የገቢ ግብር የሆነ ሕግ ያልተገኘን ገቢ የሚጠይቅበት ምክንያት አይገባኝም።

የቀድሞ የታክስ ኦዲተር፦ ስሌትዎ ትክክል ነው፤ የእርስዎን መዝገብም አልጠራጠርም። ይሁንና ሕግ አውጪው ይህን ድንጋጌ ያመጣው ዓመት ከዓመት ኪሳራ እያሳወቀ በጎን ሁለተኛ መጋዘን የሚከፍተውን ድርጅት አስቦ ይመስለኛል። ኪሳራ በወረቀት ላይ የሚሠራባቸውን መንገዶች በሥራዬ አይቻለሁ፦ በገንዘብ የተገዛ ሐሰተኛ ደረሰኝ በወጪ መዝገብ ይገባል፣ የባለቤቱ ቤተሰብ የሚነዳው መኪና ነዳጅ በድርጅቱ ስም ይወራረዳል፣ ከዘመድ ኩባንያ የተገዛ ዕቃ ዋጋው ይጋነናል። ይህን ሁሉ ፋይል በፋይል ለመመርመር የኦዲተሩ ቁጥር አይበቃም። ሽያጭ ግን በሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያው፣ በጉምሩክ ሰነዱና በባንክ ሒሳቡ ይታያል። ትርፍን መደበቅ ይቀላል፤ ሽያጭን መደበቅ ይከብዳል።

የሁለተኛ ደረጃ መምህር፦ ነጋዴዎች «ወጪያችን ሳይቀነስ ግብር ተጠየቅን» ሲሉ ስሰማ እገረማለሁ። ለመሆኑ የተቀጣሪው ወጪ ተቀንሶለት ያውቃል? የቤት ኪራዬም ሆነ የትራንስፖርት ወጪዬ ሳይታይ ግብሩ ከጠቅላላ ደመወዜ ላይ በየወሩ ይቆረጣል፤ ገንዘቡን እንኳ በእጄ አልነካውም። በ2008 ዓ.ም. አዋጅ ከግብር ነፃ የተደረገው የመጀመሪያው 600 ብር ኑሮው እየተወደደ ሳለ እስከ 2017 ድረስ እንዳለ ቆይቶ ገና አሁን ነው 2,000 ብር የሆነው። የወር ደመወዙ 15,000 ብር የሆነ ሠራተኛ ቀድሞ 3,750 ብር ይከፍል ነበር፤ በአዲሱ ሠንጠረዥ 3,200 ብር ይከፍላል። ቅናሹ 550 ብር ነው። እኛ ይህን ተሸክመን ስንኖር፣ በሚሊዮኖች የሚሸጠው ድርጅት ምንም ሳይከፍል ዓመቱን ሊዘጋ አይገባም።

የምግብ ሸቀጥ ጅምላ ነጋዴ፦ መምህር፣ በደልዎን እቀበላለሁ። ነገር ግን ደመወዝዎ አንዴ ከገባ የእርስዎ ነው፤ በእኔ እጅ ከሚያልፈው 40 ሚሊዮን ብር አብዛኛው የፋብሪካውና የአስመጪው ገንዘብ ነው።

የተመሰከረላት የሒሳብ አዋቂ፦ በመጀመሪያ አንድ የተሳሳተ ግንዛቤ ላርም፤ 2.5 በመቶው በትርፍ ግብሩ ላይ የሚደረብ አይደለም፣ ከሁለቱ የበለጠው ብቻ ነው የሚከፈለው። ሁለተኛ፣ ድንጋጌው ማንን እንደሚነካ ለማወቅ መስመሩን ማስላት ይበቃል፤ 30 በመቶው የትርፍ ግብር ከሽያጩ 2.5 በመቶ ጋር የሚተካከለው ድርጅቱ ከመቶ ብር ሽያጭ 8 ብር ከ33 ሳንቲም ሲያተርፍ ነው። ከዚያ በላይ የሚያተርፍ አማካሪ ወይም ሆቴል ድንጋጌው መኖሩንም ላያውቅ ይችላል፤ በጠባብ ትርፍ ብዙ የሚያገላብጥ አከፋፋይ ግን መዝገቡ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን ይመታል። ስለዚህ ወለሉ፣ ማለትም ይህ የ2.5 በመቶ ዝቅተኛ ግብር፣ የሚለየው ትርፉ ሰፊ የሆነውን ከጠባቡ እንጂ ሐቀኛውን ከአጭበርባሪው አይደለም።

የኦዲተሩን ሐሳብ በተመለከተ፣ ወጪ የሚያጋንነውን ሰው ወለሉ እንደሚይዘው እስማማለሁ። ደረሰኝ ሳይቆርጥ የሚሸጠውን ግን ይሸልመዋል፤ ግብሩ በሽያጭ ላይ ሲሰላ እያንዳንዱ ያልተቆረጠ ደረሰኝ 2.5 በመቶ ያተርፍለታልና። ቀድሞ ኪሳራ ውስጥ ያለ ድርጅት ለገቢ ግብሩ ሲል ሽያጩን የሚደብቅበት ምክንያት አልነበረውም፤ አሁን ተሰጠው። ነባሩ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ኪሳራ እስከ አምስት ዓመት ወደፊት እንዲሸጋገር የፈቀደውም መጥፎ ዓመት በደህናው ዓመት እንዲካካስ ነው፤ ወለሉ በየዓመቱ የሚሠራ ከሆነ ይህ መብት በአብዛኛው ወረቀት ላይ ይቀራል።

ጎረቤቶቻችንንም እንይ። ኬንያ ከጥር 2021 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጀምሮ የጠቅላላ ሽያጭ 1 በመቶ ዝቅተኛ ግብር ጥላ ነበር፤ በዚያው ዓመት መስከረም የማቻኮስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሕገ መንግሥቱን ይቃረናል ብሎ ሻረው፣ የይግባኝ ፍርድ ቤቱም በታኅሣሥ 2022 ውሳኔውን አጸና። ታንዛኒያ ደግሞ መሰል ግብር የምትጠይቀው ሦስት ተከታታይ ዓመት ኪሳራ ካሳወቀ ኩባንያ ነው። የታንዛኒያው መንገድ ለእኛ ይሻላል የሚል እምነት አለኝ፤ የአንድ ዓመት ኪሳራ የገበያ ጉዳይ ሊሆን ይችላል፣ በተከታታይ ሲደጋገም ግን የመንግሥት ጥርጣሬ ተገቢ ነው። የመምህሩን ጥያቄ በሚመለከት፣ የደመወዝተኛው ችግር ነጋዴውን በሽያጩ በማስከፈል አይቃለልም፤ ከግብር ነፃ የሆነው መጠን ከዋጋ ንረት ጋር በየጊዜው እንዲስተካከል በሕግ ቢታሰር ግን ይቃለላል።

የቀድሞ የታክስ ኦዲተር፦ ሦስት ዓመት እንጠብቅ ካልን ባለቤቱ በሦስተኛው ዓመት ድርጅቱን ዘግቶ በወንድሙ ስም አዲስ ፈቃድ ያወጣል። ይህንንም አይቻለሁ።

የተመሰከረላት የሒሳብ አዋቂ፦ ድርጅት ሲዘጋ ፈቃድ ለመመለስ የግብር ክሊራንስ (የግብር ዕዳ እንደሌለ የሚያረጋግጥ ወረቀት) ያስፈልጋል፤ ያን ጊዜ የሦስቱም ዓመት መዝገብ ይመርመር። የሚመረመረው የተዘጋውና ኪሳራ የደጋገመው ብቻ ስለሚሆን፣ አነሰ ያሉት የኦዲተር ቁጥር ለዚህ አያንስም።