ፀጉር ቤት አንገቱን ጠምዝዘውት የዐይኑ ቆብ ወረደ፣ ወጌሻ ጋ ልውሰደው?

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ 33 ዓመቱ ነው፣ ፒያሳ ነው የሚሠራው። ሰሞኑን ፀጉሩን ተቆርጦ ሲጨርስ አስተካካዩ እንደተለመደው አንገቱን ጠምዘዝ አድርጎ ቀጭ አደረገለት። በማግስቱ ግራ አንገቱን ያመው ጀመር፣ ሕመሙ ወደ ጆሮው ጀርባ ወጣ። ዛሬ ቡና ላይ ሳየው የግራ ዐይኑ ቆብ ወርዷል፣ ብሌኑም ከቀኙ ያንሳል። እሱ "እንቅልፍ አጥቼ ነው" ይላል፣ እማዬ ደግሞ ወጌሻ ይሽልህ እያለችው ነው።

መልስ፦ ብርድ መትቶት ነው እህቴ። እኔም ታክሲ ውስጥ መስኮት ዳር ተቀምጬ እንዲሁ ሆኜ ነበር። በትኩስ ፎጣ እሹት።

መልስ፦ ኧረ እንዳታሹት! ነርስ ነኝ። ማንም አንገቱን አይንካው፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው። በአንገት በኩል ወደ አንጎል የሚሄዱ አራት ትልልቅ ደም ቅዳዎች አሉ፣ ሁለቱ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ በአከርካሪው አጥንት ቀዳዳ አልፈው። አንገት ድንገት ሲጠመዘዝ፣ በመኪና ግጭት፣ አንዳንዴም ያለ ምንም ምክንያት የደም ቅዳው ውስጠኛ ሽፋን ሊቀደድ ይችላል። ደም በስንጥቁ ገብቶ መንገዱን ያጠብባል፣ እዚያ የረጋው ደም ተነስቶ ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ነው። ከጠቅላላው ስትሮክ 2 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው፣ በወጣቶች ግን እስከ ሩብ የሚሆነው ከዚህ ይመጣል። ወደ ዐይን የሚሄዱ ነርቮች የፊተኛውን ደም ቅዳ ተጠግተው ስለሚያልፉ ነው የቆቡና የብሌኑ ነገር ያሳሰበኝ። እንቅልፍ ማጣት አንድ ብሌን ብቻ አያሳንስም።

ጠያቂ፦ ስኳር የለበት፣ ግፊት የለበት፣ አያጨስ! አስፕሪን ልስጠው እንዴ?

መልስ፦ ሳይታይ አትስጪው። አስፕሪን ከሕክምናው አንዱ ነው፣ ግን መጀመሪያ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም እንዳልፈሰሰ መታወቅ አለበት። ደግሞ ተራ የጭንቅላት ሲቲ ብቻ አንስተው እንዳይሸኙት፣ አንገቱ እንደተጠመዘዘ ንገሪያቸውና የአንገቱም ደም ስር በሲቲ አንጂዮ ወይም በኤምአርአይ ይታይ በያቸው። እስከዚያው አፉ ከተጣመመ፣ እጁ ከዛለ፣ ንግግሩ ከተሳሰረ ወይም ነገር ሁለት ሁለት ከታየው ወዲያው 907 ደውዪ፣ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፣ የአዲስ አበባን መንገድ ደግሞ ታውቂዋለሽ።

መልስ፦ የሥራ ባልደረባዬን ይሄው ነገር ይዞት "ጡንቻ ነው" ብለው ማስታገሻ ሰጥተው ሰደውት ነበር። በኋላ ሚዛኑን ስቶ ወደቀ። ደም ማቅጠኛ ለወራት ወስዶ አሁን ደህና ነው፣ ሥራም ገብቷል። እኔማ ፀጉር ቤት ገና ስቀመጥ "አንገቴን እንዳትነኩ" ነው የምለው፣ ይሳቁብኝ።

መልስ፦ አንገቱን ያስቀጨ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም፣ አብዛኛው ሰው ምንም አይሆንም። የእሱ ግን ምልክት አለው። ሄዳችሁ?

ጠያቂ፦ መኪና ውስጥ ነን። እማዬም አብራ መጥታለች፣ አሁንም ወጌሻው ይሻላል እያለች።