ለንደን ላይ እማዬንና ልጆቹን የትኛው ሙዚየም ልውሰዳቸው?

ደብረ ብርሃን ነኝ፦
ሰላም ቤተሰብ፣ ቪዛው ከተሳካ ክረምት ላይ እማዬንና ልጆቹን ይዤ ወንድሜ ጋር ለንደን ልሄድ ነው። እማዬ የመንዝ ሰው ነች፣ ዳገት አይደክማትም ግን ቆሞ ስዕል ማየት እንጃ፣ ልጆቹ ደግሞ ቶሎ ነው የሚሰለቻቸው። መግቢያውስ? ብሩን እንደምታውቁት ነው።

አንኮበሬው፦
ብሩን ተወው ባክህ፣ ናሽናል ጋለሪም (የስዕሉ ሙዚየም) ቪክቶሪያና አልበርትም (የጥበብ ዕቃዎች ሙዚየሙ) መግቢያቸው ነፃ ነው፣ የሚያስከፍሉት ለልዩ ኤግዚቢሽን ነው። እኔ ብሆን ቪክቶሪያና አልበርት ነው የምወስዳቸው፣ እንግሊዞች በ1868 (በነሱ አቆጣጠር) ከመቅደላ የዘረፉት የወርቅ ዘውድና ጽዋ እዛ ነው ያለው፣ ብቻ ለእይታ መቅረቡን ቀድመህ ዌብሳይታቸው ላይ እይ። ግቢው መሃል ልጆች በሙቀት እግራቸውን የሚነክሩበት ገንዳ አለ፣ ከሰለቻቸው ደግሞ የዳይኖሰሩ ሙዚየም መንገዱን ተሻግሮ ነው እሱም ነፃ።

የሸዋ ልጅ፦
ትክክል። ግን ለእናትህ ቀድመህ ንገራቸው፣ የኔ እናት ጽዋውን ስታይ መስታወቱን ልሳለም ብላ እንባዋ መጣ ጥበቃውም ግራ ገብቶት ዝም አለ። አርብ ሂዱ ቪክቶሪያና አልበርት እስከ ማታ 4 ሰዓት ክፍት ነው አትቻኮሉም።

ደብረ ብርሃን ነኝ፦
ተባረኩ! ዳቦ ቆሎ ይዞ መግባትስ ይቻላል? እማዬ ያለሱ ከቤት አትወጣም ሃሃ

አንኮበሬው፦
ዕቃዎቹ የሚታዩበት ክፍል ውስጥ መብላት ክልክል ነው፣ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ።