ተስማምተው የሚፋቱ ሰዎች ዳኛ ፊት መቅረብ አለባቸው?

የሁለት ልጆች እናት፦ የፍቺ አቤቱታ ካስገባሁ ስምንት ወር ሊሞላኝ ነው። መጀመሪያ «ዳኛዋ ተዛውረዋል» ተባልኩ። ቀጥሎ «ተተኪ አልተመደበም»። በሦስተኛው ቀጠሮ አንድ ዳኛ የሁለት ችሎት መዝገብ ተሸክመው አገኘኋቸው። እኔም ተለዋጭ ቀጠሮ ይዤ ተመለስኩ። እስቲ ንገሩኝ፣ ተስማምተው ለሚፋቱ ዳኛ ምን ያደርጋል? ጋብቻ ወረዳ ይመዘገብ የለ? ፍቺውም እዚያው ይለቅ። ዳኛው እንደ እኔ ላልተስማሙት ይትረፍ።

ጠበቃው፦ እህቴ፣ ችግርሽ ይገባኛል። ሐሳብሽን ግን አልቀበልም። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ፍቺ በሽማግሌ ዳኞች እጅ ነበር። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ለፍርድ ቤት ብቻ የሰጠው በምክንያት ነው። «ተስማምቻለሁ» ብላ የፈረመች ሁሉ ተስማምታለች እንዴ? ቤቱንም ቀለቡንም ትታ የምትፈርም አለች። ሕጉ ዳኛው ለየብቻም ሆነ አንድ ላይ ያነጋግራቸው የሚለው ለዚህ ነው።

አራት ኪሎ፦ ለየብቻ? ዛሬ? ወንድሜ ሲፋታ አብሬ ነበርኩ። «ተስማምታችኋል?» «አዎ።» አለቀ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

ጠበቃው፦ እሱስ ልክ ነህ። ስለዚህ ዳኛ ይጨመር።

ጡረተኛው፦ መዝገብ ቤት ዕድሜዬን የጨረስኩ ሰው ነኝ። ዳኛ ይጨመር ማለት ለአፍ ቀላል ነው። የፌዴራል ዳኛ የሚሾመው በተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ዛሬ ጎደለ ተብሎ ነገ አይተካም። የተሾመውም ጥብቅና ይሻለኛል ብሎ ይወጣል። ደግሞ ሁሉንም በዳኛ አናሳብ። መጥሪያ ሳይደርስ የሚቀጠረው ስንቱ ነው! «ሌላ ችሎት አለብኝ» ብሎ የሚያስቀጥር ጠበቃም አይቻለሁ፤ ልጄ አትቀየመኝ።

ጠበቃው፦ ኧረ አልቀየምም አባቴ። እኔም አድርጌዋለሁ።

አራት ኪሎ፦ ልጅም ንብረትም የሌላቸው ብቻ ወረዳ ይሂዱ። ያስማማናል?

የሁለት ልጆች እናት፦ እኔን ያስማማኛል። ቢያንስ ወረፋው ይቀላል።

ጠበቃው፦ «ንብረት የለንም» ማለት ምን ይከብዳል? በባል ስም ያለ ኮንዶሚኒየም ማን ያጣራል? የወረዳ ሠራተኛ?

ቅድስት፦ የ2013ቱ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ያመጣው አስማሚስ፣ ፍርድ ቤት ውስጥ ባለጉዳዮችን ቁጭ አድርጎ የሚያስማማው? እዚያ ያለቀ መዝገብ ችሎት አያጨናንቅም።

የሁለት ልጆች እናት፦ ለንብረት ክፍፍል ይሁን። የሚማታ ባል ያላትን ግን ከማን ጋር ነው የሚያስማሟት?

ጠበቃው፦ እህቴ፣ ክርክሩ ይቆየንና ጊዜያዊ ቀለብ ጠይቀሻል? የፍቺ አቤቱታ እንደቀረበ ፍርድ ቤቱ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ቀለብና ስለ ንብረቱ ወዲያውኑ ትዕዛዝ ይስጥ ይላል ሕጉ። የቤተሰብ ሕጉን አንቀጽ 82 እዪው። የፍቺውን ውሳኔ መጠበቅ የለብሽም።

የሁለት ልጆች እናት፦ ይሄን ማንም አልነገረኝም! አቤቱታዬን የጻፈልኝ በር ላይ ያለ ጸሐፊ ነው። ነገ አስጽፌ አስገባለሁ። ግን ወንድሜ፣ የሚያየው የትኛው ዳኛ ነው?