የንግድ ቢሮ ተቆጣጣሪ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ሱቅ ማሸግ ይገባዋል ወይ?

አወያይ፦ ለክርክር የቀረበው ጥያቄ ይህ ነው። ሸማቹን እንዲጠብቅ የተመደበ የክልል ወይም የከተማ ንግድ ቢሮ ተቆጣጣሪ፣ ነጋዴው ጥፋት ፈጽሟል ብሎ ሲያምን፣ ፍርድ ቤት ሳይጠይቅ የንግድ ቤቱን የማሸግ ሥልጣን ሊሰጠው ይገባል ወይስ አይገባም? ጉዳዩ የቆየ ቢሆንም፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር ሲያልፍና «ያለ አግባብ ዋጋ ጨምረዋል» የተባሉ ሱቆች ሲታሸጉ እንደ አዲስ ተነሥቷል። ተሳታፊዎች ግለሰብንም ሆነ መሥሪያ ቤትን በስም ሳትወቅሱ በሐሳቡ ላይ እንድትጽፉ እጠይቃለሁ።

የጅምላ ነጋዴ፦ አይገባም እላለሁ፤ ምክንያቴንም ልዘርዝር። መቀጮ የተጣለበት ነጋዴ ይግባኝ ብሎ ቢረታ ገንዘቡ ይመለስለታል። የታሸገበት ነጋዴ ግን ከወር በኋላ «ጥፋት የለብህም» ቢባል እንኳ ያቺን ወር የሚመልስለት የለም። ኪራዩ ይቆጠራል፣ የባንኩ ወለድ ይቆጠራል፣ የሠራተኛው ደመወዝ ይጠበቃል፣ የሚበላሽ ዕቃ ካለም ውስጥ ሆኖ ይበላሻል። ስለዚህ ማሸግ «ጊዜያዊ እርምጃ» የሚል ስም ቢሰጠውም በተግባር ከፍርድ የቀደመ ቅጣት ነው፤ ያውም ከሕጉ መቀጮ የሚከብድበት ጊዜ ብዙ ነው። በቅርብ የማውቀው አንድ ባለሱቅ የዋጋ ዝርዝር አልለጠፍክም ተብሎ ታሸገበት። የተሰጠው ወረቀት አልነበረም። እንዲከፈትለት በተመላለሰ ቁጥር ያሸጉት ኃላፊ አንድ ጊዜ መስክ ወጥተዋል፣ ሌላ ጊዜ ስብሰባ ላይ ናቸው ይባል ነበር። ዝርዝሩን ለጥፎ ፎቶ አንሥቶ ይዞ ቢሄድ እንኳ የሚያይለት አላገኘም።

ሁለተኛው ነገር «ያለ አግባብ ዋጋ መጨመር» የሚባለው ክስ ነው። መንግሥት ዋጋ ያልተመነለትን ዕቃ ባለቤቱ በመሰለው ዋጋ ይሸጣል። በ57 ብር ምንዛሪ ያስገባሁትን ዕቃ ሸጬ ሌላ የማስገባው ከ100 ብር በላይ በሆነ ምንዛሪ ከሆነ፣ በአሮጌው ዋጋ መሸጥ ማለት መደርደሪያዬን በግማሽ መሙላት ማለት ነው። ይህን ስሌት አንድ ተቆጣጣሪ በር ላይ ቆሞ በሩብ ሰዓት ሊፈርድበት አይችልም።

የሸማቾች ማኅበር አባል፦ ወንድሜ፣ የጠቀሱት ባለሱቅ የደረሰበት በደል መሆኑን አልክድም። ነገር ግን የእርስዎን ስሌት ሸማቹ በራሱ ወገን ይሥራው እስቲ። አንድ ሊትር ዘይት በተጋነነ ዋጋ የገዛ ሰው ልዩነቱን ለማስመለስ ክስ ይመሠርታል? ጠበቃ ያቆማል? ቀጠሮ ይመላለሳል? ጥቂት ብር ከእያንዳንዱ ሰው ሲወሰድ ጠቅላላው ብዙ ገንዘብ ነው፤ ተበዳዩ ግን አንድም ቀን ፍርድ ቤት አይታይም። ቢሮው ያስፈለገውም ስለዚህ ነው። በርበሬ ውስጥ ባዕድ ነገር የሚቀላቅለውን፣ ቅቤ ያልሆነውን ቅቤ ብሎ የሚሸጠውን፣ ሚዛኑን የሚያጎድለውን ሰው «ማስረጃ ይዤ ትእዛዝ አምጥቼ እመለሳለሁ» ብሎ ትቶት የሚሄድ ተቆጣጣሪ ሲመለስ ምን ያገኛል? መጋዘኑ በአንድ ሌሊት ይገለበጣል። ከሕግ መጽሐፍ ውጭ የሚታየውንም ልጨምር፦ በእኛ ሰፈር የዋጋ ዝርዝር መለጠፍ የጀመሩት ሱቆች የለጠፉት በማስታወቂያ አልነበረም፤ ጎረቤታቸው ከታሸገ በኋላ ነው።

የሕግ ባለሙያ፦ ሁለቱም ወገኖች ትክክለኛ ነገር ይዘዋል፤ የሚከራከሩት ግን ስለ ሁለት የተለያዩ እርምጃዎች ይመስለኛል፤ ሁለቱም «ማሸግ» ስለሚባሉ ተቀላቅለዋል። ወደዚያ ከመግባቴ በፊት ሕጉ ከየት እንደመጣ ባጭሩ ላስታውስ።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 813/2006 ሲወጣ ለሸማቹ መብት ዘርዝሮ ነበር፦ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት፣ አማርጦ የመግዛት፣ ዋጋ በመጠየቁ ወይም ጥራት በማየቱ ብቻ ግዛ ተብሎ ያለመገደድ፣ ለደረሰበት ጉዳት ካሣ የመጠየቅ። ነጋዴው ዋጋውን በሚታይ ቦታ እንዲለጥፍና ደረሰኝ እንዲሰጥም አዟል። ለዛሬው ክርክር ዋናው ግን አስፈጻሚው አካል የተዋቀረበት መንገድ ነው። ዐዋጁ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት አቋቁሞ፣ መርምሮ የሚከስሰውን ክፍል ለብቻ፣ አከራክሮ የሚወስነውን ዳኝነታዊ ችሎት ለብቻ አድርጎ፣ ከዚያም በላይ የይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አስቀምጦ ነበር። ከዓመታዊ ሽያጭ በመቶኛ የሚሰላው ከባዱ አስተዳደራዊ መቀጮ ይጣል የነበረው ይህን ሥርዓት ተከትሎ ነው። ያ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት በዐዋጅ ቁጥር 1263/2014 ፈርሶ ሥራው ወደ ንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተላለፈ። የመዋቅሩ ለውጥ ጥቅምና ጉዳት ለብቻው ክርክር ይወጣዋል፤ የማልጠራጠረው ግን ሐሳቡ ዛሬም ትክክል መሆኑን ነው፤ የመረመረው ሰው ራሱ መፍረድ የለበትም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 79 የዳኝነት ሥልጣን የፍርድ ቤቶች መሆኑን፣ በአንቀጽ 37 ማንም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት ወይም በሕግ የዳኝነት ሥልጣን ለተሰጠው አካል የማቅረብ መብት እንዳለው ይናገራል።

አሁን ወደ ማሸግ ልመለስ። አንደኛው ማሸግ ጉዳት እንዳይደርስ ወይም ማስረጃ እንዳይጠፋ የሚደረግ ነው። የተበከለ ምግብ የሚያመርት ቤት ዛሬውኑ መቆም አለበት፤ ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ዐዋጅ ቁጥር 1112/2011 ራሱን የቻለ የቁጥጥር ሥርዓት አለው። ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት በርበሬም በዚሁ ወገን የሚመደብ ስለሆነ በሸማቾች ማኅበር አባሏ ሐሳብ እስማማለሁ። ሌላኛው ማሸግ ግን ነጋዴውን ለመቅጣትና ሌላውን ለማስፈራራት የሚደረግ ነው። ዝርዝር ባለመለጠፍ ወይም በዋጋ ጭማሪ ምክንያት የሚደረገው ከዚህ ይመደባል። ዝርዝሩ ዛሬ አልተለጠፈም ብሎ ነገ የሚሞት ሰው የለም፤ ጥሰቱም በፎቶግራፍ ስለሚመዘገብ ማስረጃው አይጠፋም። እዚህ ላይ ያለ ዳኛ ማሸግን የሚያጸድቅ አስቸኳይነት አላይም። ጎረቤት የታሸገበት ሰው ፈርቶ መለጠፉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ቅጣት ማስፈራቱ ግን ያለ ፍርድ መቀጣትን ትክክል አያደርገውም።

የቀድሞ የኢንስፔክሽን ሠራተኛ፦ በሁለት ወረዳዎች በዚህ ሥራ ላይ ስለነበርኩ ከውስጥ የሚታየውን ልጻፍ። የሕግ ባለሙያው ያስቀመጡት ልዩነት ወረቀት ላይ ያምራል፤ እኛ ዘንድ ግን በእጃችን የነበረው መሣሪያ ሁለት ብቻ ነበር፦ ማስጠንቀቂያና እሽግ። ማስጠንቀቂያውን ነጋዴው መሳቢያ ውስጥ ይከተዋል። ከዓመታዊ ሽያጭ በመቶኛ የሚሰላ መቀጮ እንዲጣል ጉዳዩን አደራጅቶ ወደ ላይ መላክ ደግሞ ለአንዲት ዝርዝር ላልለጠፈች ትንሽ ሱቅ ማንም የሚጀምረው ነገር አይደለም። በመካከል፣ ተቆጣጣሪው እዚያው ደረሰኝ ቆርጦ የሚጥለው መጠነኛ መቀጮ አልነበረንም። ስለዚህ ሁሉም ነገር ወደ እሽግ ይሄድ ነበር፤ መዶሻ ብቻ የተሰጠው ሰው ሁሉንም ነገር ሚስማር አድርጎ ማየቱ አይቀርም።

ሌላም አለ፤ ይህኛው እኔንም ሲያሳፍረኝ የኖረ ነው። በበዓል ሰሞን ዘመቻ ይወጣል፤ ከዘመቻው በኋላ ሪፖርት ይጠየቃል፤ በሪፖርቱ ላይ የሚሞላው ሠንጠረዥ «የተመከሩ» እና «የታሸጉ» የሚሉ ዓምዶች አሉት። ዋጋ ስለ መረጋጋቱ፣ ሸማቹ ስለ ተመለሰለት ገንዘብ የሚጠይቅ ዓምድ ግን አልነበረውም። የሚቆጠረው እሽግ ስለሆነ እሽግ ይበዛል። ደግሞም ማሸግ የሚችል ሰው መክፈትም ይችላል፤ ጉቦ የሚጠየቀውም አብዛኛውን ጊዜ ሲታሸግ ሳይሆን ሲከፈት ነው። ነጋዴው «ስብሰባ ላይ ናቸው» የተባለው ለምን እንደሆነ የሚገምት አንባቢ ብዙ አይሳሳትም።

የኢኮኖሚክስ መምህርት፦ ስለ ዋጋው ብቻ ጥቂት ልጨምር። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት በበርካታ መሠረታዊ ዕቃዎች ላይ የዋጋ ጣሪያ አስቀምጦ ነበር። ዕቃዎቹ ከመደርደሪያ ጠፉ፤ ከጥቂት ወራት በኋላም አብዛኛው ጣሪያ ተነሣ። ያ እንኳ በይፋ የታወጀ፣ ቁጥሩ የተጻፈ ጣሪያ ነበር። አሁን የምንነጋገርበት ግን ያልተጻፈ ጣሪያ ነው፤ ነጋዴው ስንት ብር ላይ ሲደርስ እንደሚታሸግ አስቀድሞ አያውቅም። እንዲህ ያለ ስጋት ያለበት ሻጭ ዋጋ አይቀንስም፤ ዕቃ ማስገባቱን ይቀንሳል፣ ወይም ለሚያውቀው ደንበኛ ብቻ ከጓዳ ይሸጣል።

የሸማቾች ማኅበር አባል፦ መምህርት ያሉት ስለ አስመጪ ከሆነ እቀበላለሁ። ነገር ግን በዚያ ሐምሌ የምንዛሪው ዜና በተነገረ ማግሥት፣ ከዶላር ጋር የሚያገናኘው ብዙም የሌለ የአገር ውስጥ ምርት ጭምር ዋጋው ሲጨምር አይተናል። ያንን ነጋዴው እንዳሉት «የመተኪያ ዋጋ ስሌት»፣ ማለትም ዕቃውን መልሶ ለመግዛት በሚጠይቀው ዋጋ መሸጥ፣ ብሎ መጥራት ለእኔ ይከብደኛል። የሕግ ባለሙያው ደግሞ ፍርድ ቤት ይወስን ይላሉ፤ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ከነሐሴ መግቢያ እስከ መስከረም ማለቂያ ለዕረፍት ይዘጋሉ። ጭማሪው የመጣው በሐምሌ መጨረሻ ነው። ሸማቹ እስከ ጥቅምት ይጠብቅ?

የሕግ ባለሙያ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልስ ግን አለው። በዕረፍቱ ወራት ተረኛ ችሎት አስቸኳይ ጉዳዮችን ያያል፤ እሽግን የሚመለከት አቤቱታም በአስቸኳይነት እንዲታይ መደንገግ ይቻላል። የምጠይቀው ተቆጣጣሪው እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ ሳይሆን፣ ካሸገ በኋላ በጣም አጭር በሆነ ጊዜ ውስጥ ጉዳዩን ለዳኛ እንዲያቀርብ፣ ካላቀረበም እሽጉ በራሱ እንዲነሣ ነው። ነጋዴውን ደጅ ከማስጠናት ይልቅ የማስረዳቱ ሸክም በአሻጊው ላይ ይሁን። ሲያሽግም የተጣሰውን ድንጋጌ፣ ያየውን ነገርና ምን ሲሟላ እንደሚከፈት የሚገልጽ ጽሑፍ እዚያው ይስጥ። ይህ አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት ዐዋጅ ቁጥር 1183/2012 አስተዳደራዊ ውሳኔ ሲሰጥ ባለጉዳዩ እንዲሰማ፣ ውሳኔው በጽሑፍና በምክንያት እንዲሆን፣ ቅር የተሰኘም ቅሬታውን ለተቋሙ ካቀረበ በኋላ ወደ ፍርድ ቤት እንዲሄድ ይደነግጋል። ችግሩ ዐዋጁ የፌዴራል መሆኑ ነው። በክልል ከተማ ሱቁ የታሸገበት ሰው በክልሉ ተመሳሳይ ሕግ ከሌለ በዚህ ዐዋጅ ሊከራከር አይችልም፤ አብዛኛው እሽግ የሚፈጸመው ደግሞ በወረዳና በከተማ ደረጃ ነው። መካከለኛ መቀጮ ስለ መጥፋቱ የቀድሞው ተቆጣጣሪ የጻፉት ከእኔ አንቀጾች ሁሉ የሚበልጥ ይመስለኛል፤ ሕግ አውጪው መጀመር ያለበት ከዚያ ነው።

የጅምላ ነጋዴ፦ በዚህ መልክ ከሆነ ለበርበሬውም ለምግቡም ማሸግን አልቃወምም። ግን ዳኛው «በስሕተት ነው የታሸገው» ቢል ኪሳራውን ማን ይከፍላል?

የሕግ ባለሙያ፦ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2126 የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ላደረሰው ጉዳት እንደሚጠየቅ ይናገራል። ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ ተበዳዩ ካሣውን ከመንግሥት መጠየቅ ይችላል፤ መንግሥትም ከሠራተኛው መልሶ ሊጠይቅ ይችላል። መንገዱ በሕግ አለ፤ የሚሄድበት ነጋዴ ነው ጥቂት የሆነው፤ ነገም በዚያው ቢሮ በር እንደሚያልፍ ስለሚያውቅ።

የቀድሞ የኢንስፔክሽን ሠራተኛ፦ እዚህ ላይ እጠነቀቃለሁ። ካሣው ከተቆጣጣሪው ደመወዝ ይቆረጣል ከተባለ፣ ትንሹን ሱቅ ያሸጉ የነበሩ ልጆች ትልቁን መጋዘን ጭራሽ አይነኩትም፤ ጠበቃ ያለው ትልቁ መጋዘን ነው። ቢሮው ይክፈል፣ ሠራተኛው የሚጠየቀውም ሆን ብሎ ወይም ጉቦ ፈልጎ እንደሆነ ብቻ ይሁን።

የሸማቾች ማኅበር አባል፦ በዚህ እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ግን በዚያው ሕግ ይጻፍልኝ። ተቆጣጣሪው ትክክል ሆኖ ሲገኝና ነጋዴው ሲቀጣ፣ መቀጮው ሁሉ ወደ መንግሥት ካዝና ገብቶ ዘይቱን የገዛችው ሴት ባዶ እጇን መቅረት የለባትም። ደረሰኝ ያላት ሴት ልዩነቱን ከራሱ ከሱቁ እንድታስመልስ ቢሮው ማዘዝ ይቻለው። ከማሸግ ይልቅ ለዚህኛው ሥልጣን ብከራከር እመርጣለሁ፤ እስካሁን ግን ማንም አላነሣውም።

የጅምላ ነጋዴ፦ በደረሰኝ ከሆነ ተቃውሞ የለኝም። ደረሰኝ ስለማይቆርጡት ሱቆች ግን ምን እንደምናደርግ ሌላ ቀን እንከራከር፤ እኔን በዋጋ የሚያሸንፉኝ እነሱ ናቸው።