የዕቅድ ውይይት፦ በንባብ ክፍሎቻችን ኮምፒውተሮች ላይ ስለሚደጋገመው የዋይፋይ የይለፍ ቃል ጥያቄ

ጸሐፊዋ፣ ደብረ ብርሃን
የተከበራችሁ አባላት፣ በንባብ ክፍላችን ያሉት ስድስቱ ኮምፒውተሮች የሚሠሩት ኡቡንቱ ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ነው። ጠዋት ለአንዱ ተማሪ የዋይፋዩን የይለፍ ቃል አስገባለታለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ሌላዋ በራሷ ስም ስትገባ ያው ኮምፒውተር እንደ አዲስ ይጠይቃታል። ባለፈው ሳምንት አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ እኔን ደጋግማ መጥራት አፍራ ደብተሯን ሰብስባ ወጣች። እስካሁን ይከነክነኛል። ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበውን ሐሳብ እንዲህ ጀምሬዋለሁ፦ «ማኅበሩ አዲስ ራውተር (ዋይፋዩን የሚያሰራጨውን መሣሪያ) ይግዛ።» እባካችሁ አርሙት።

አባል፣ ደብረ ሲና
እህቴ፣ ራውተሩ ጥፋት የለበትም። በኡቡንቱ ግንኙነቱን የሚያስተዳድረው ኔትወርክ ማኔጀር የይለፍ ቃሉን ወይ በኮምፒውተሩ የጋራ መዝገብ፣ ወይ በአንዱ ተጠቃሚ የግል ማህደር ያስቀምጠዋል። በግል ማህደር ያለውን ሌላ ሰው ሲገባ አያገኘውም፤ ስለዚህ ይጠይቃል። እኛ እዚህ ሁለት ወር የደከምነው አንዱን አስተካክለን ሌላውን ስለ ረሳን ነው። በግንኙነቱ ማስተካከያ ውስጥ ለሌሎች ተጠቃሚዎችም እንዲሆን የሚፈቅድ ምርጫ አለ፤ እርሱን ብቻ መርጠን ተነሣን። ያ ግን ግንኙነቱን ለሁሉም ይፈቅዳል እንጂ የይለፍ ቃሉን አያካፍልም። በደኅንነት ገጹ ላይ፣ የይለፍ ቃሉ በሚጻፍበት ሳጥን ጠርዝ ያለችውን ትንሽ ምልክት ተጭኖ ለሁሉም ተጠቃሚዎች እንዲቀመጥ ማዘዝም ያስፈልጋል። ይህ ሲደረግ ኮምፒውተሩ ማንም ሳይገባበት፣ ገና ሲነሣ ይገናኛል።

ገንዘብ ያዥ፣ ደብረ ብርሃን
ልጄ፣ ለሁሉም ይቀመጥ ማለት ለሁሉም ይታይ ማለት ነው? የማኅበሩ የሒሳብ ኮምፒውተር የሚገናኘው በዚያው ዋይፋይ ነው። ይህ ሳይጣራ ፊርማዬን አላኖርም።

አባል፣ ደብረ ሲና
ጋሼ፣ ሥጋትዎ ተገቢ ነው። ለሁሉም የሚሆነው ቃል የሚቀመጥበትን ፋይል ማንበብ የሚችለው የአስተዳዳሪ ሥልጣን ያለው ብቻ ስለሆነ ተማሪዎቹ የሚገቡበት መለያ ተራ መሆን አለበት። ይሁን እንጂ ቃሉ በፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው ሳይመሰጠር ነው፤ ኮምፒውተሩን ከፍላሽ ዲስክ አስነሥቶ የሚገባ ሰው ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ ራውተራችን የሚፈቅድ ከሆነ ለተማሪዎች የተለየ የእንግዳ ዋይፋይ እንክፈት፤ የሒሳቡ ኮምፒውተር በራሱ ዋይፋይ ላይ ይቆይ። ዛሬስ ቃሉን በጠመኔ ግድግዳ ላይ ጽፈነው የለም? ከዚያ ይህ በብዙ ይሻላል።

አባል፣ መሐል ሜዳ
እኛ ዘንድ የመጣው ጥያቄ ሌላ ነው። በኮምፒውተሩ ገጽ ላይ የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ሦስት ዓይነት ሳጥን አየሁ፤ ሰው ግን ሁሉንም የዋይፋይ ጥያቄ ይለዋል። አንዱ በእርግጥ የዋይፋዩን ቃል ይጠይቃል። ሁለተኛው የአስተዳዳሪውን ነው፤ ተራ ተጠቃሚ የጋራውን ግንኙነት ሊለውጥ ሲሞክር ይመጣል። ሦስተኛው ኪሪንግ የሚባለው የግል ማህደር እንዲከፈት የሚጠይቅ ነው። ኮምፒውተሩ ያለ የይለፍ ቃል በራሱ እንዲገባ ከተደረገ ማህደሩ ተቆልፎ ይቀራል። አስተዳዳሪ የተማሪውን የመግቢያ ቃል ሲቀይርለትም ማህደሩ የሚከፈተው በአሮጌው ቃል ነው። ልጆቹ እዚያ ሳጥን ውስጥ የዋይፋዩን ቃል አሥር ጊዜ ጻፉበት፤ እንዴት ይከፈት! የሳጥኑን ጽሑፍ ማንበብ በሐሳቡ ውስጥ ይግባ።

ደግሞ የድንጋይ ግድግዳ አትርሱ። የመጨረሻው ክፍላችን ውስጥ ሲግናሉ ደካማ ስለሆነ ግንኙነቱ መሐል ላይ ሲቋረጥ ኮምፒውተሩ ቃሉ የተሳሳተ ይመስለውና እንደገና ይጠይቃል። ራውተሩን ወደ መተላለፊያው ስናወጣው ጥያቄው ቀረ።

ጸሐፊዋ፣ ደብረ ብርሃን
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሐሳቡ አሁን እንዲህ ሆኗል፦ «በሦስቱም የንባብ ክፍሎች የዋይፋዩ የይለፍ ቃል ለሁሉም ተጠቃሚዎች በኮምፒውተሩ ይቀመጥ፤ የተማሪ መለያዎች የአስተዳዳሪ ሥልጣን አይኑራቸው፤ የእንግዳ ዋይፋይ ከሒሳቡ ይለይ፤ ከየክፍሉ አንድ አባል ሦስቱን ሳጥኖች ለይቶ እንዲያውቅ ይሠልጥን።» የራውተር ግዢው ወጥቷል። ጋሼ፣ ይስማማዎታል?

ገንዘብ ያዥ፣ ደብረ ብርሃን
የእንግዳው ዋይፋይ መጀመሪያ ይከፈት፣ የይለፍ ቃሉ ከዚያ በኋላ ይቀመጥ። ቅደም ተከተሉ በጽሑፍ ይግባልኝና እፈርማለሁ።

ጸሐፊዋ፣ ደብረ ብርሃን
ገብቷል። ቅዳሜ ጠዋት በአንዱ ኮምፒውተር ላይ እንሞክረዋለን፤ ያቺን ልጅም አስጠርቻታለሁ።